ክዳኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ

ሚኒባስ ውስጥ «መስኮቱን ዝጉት፣ ንፋስ ይመታኛል» የሚል ሰው እኔ አጠገብ ባይቀመጥ ይሻለዋል። በቀደም ከባቢሌ ስንመለስ አንዲት ሴትዮ ስትዘጋ እኔ ስከፍት፣ ስትዘጋ ስከፍት፣ ሹፌሩ «አቦ ተጋቡና ቤታችሁ ገብታችሁ ተጨቃጨቁ!» ብሎ መኪናውን በሳቅ ሞላው። እኔ አልሳቅኩም። ለምን እንዳልሳቅኩ ልንገራችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ የቸኮለ ሰው ከዚሁ ይውረድ።

ሄኖክ እባላለሁ። አባቴ ወታደር ሆኖ ሐረር ተመድቦ መጣና እዚሁ ወልዶኝ ቀረ። ትምህርት ከዘጠነኛ ነው የተውኩት። የሰፈር ልጆች «ተባረርክ እንጂ መች ተውክ» ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። አስተማሪ ሲሳሳት አፌን መያዝ አልችልም ነበር። እናቴ «ያንተ ምላስ ካንተ ቀድሞ እስር ቤት ይገባል» ትለኝ ነበር። ይቺን ነገር ያዙልኝ። ያ ሁሉ ምላስ የተፈለገበት ቀን መጥቶ የት እንደገባ አሁን ታያላችሁ።

ከጀጎል ግንብ ውጪ፣ በአዲሱ ከተማ በኩል፣ አንድ ህንፃ ላይ የጥገና ሰራተኛ ነበርኩ። ታች ሱቅ፣ መሃል ቢሮ፣ ሶስተኛ ፎቅ ላይ ትልቅ የሰርግ አዳራሽ። ባለቤቱ ውጭ አገር የኖረ ሰውዬ ስለሆነ አዳራሹን ሲያሰራ በናፍጣ የሚሰራ ማሞቂያ ከነቱቦው አስመጣ። ሐረር ላይ ማሞቂያ! ከተማው ሳቀ። «ሰውዬው ነገ ደግሞ በረዶ ያስመጣል» ተባለ። ታህሳስ ገብቶ ያ አጥንት የሚገባ ደረቅ ንፋስ ሲጀምር ግን ሳቁ ቆመ፣ ሰው ለአዳራሹ ወረፋ መያዝ ጀመረ።

ስራው እንዲህ ነው፤ ካልገባችሁ የሚመጣው አይገባችሁም። ማሽኑ ያለው ከአዳራሹ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። አዳራሹ ግድግዳ ላይ፣ ከፍ ብሎ፣ አራት መሳቢያ ቀዳዳዎች አሉ። ማሽኑ በነሱ የአዳራሹን አየር ይስባል፣ ያሞቀዋል፣ ከታች በኩል መልሶ ይነፋዋል። የናፍጣው ጭስ ደግሞ ለብቻው በቧንቧ ወደ ውጪ ይወጣል። ያስተማሩኝ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የጦር ሰራዊት መካኒክ ናቸው። ማሽኑ ጎን ላይ ፊልተር የሚቀየርበት አንድ ክዳን አለ። «ይቺን ክዳን» አሉኝ የመጀመሪያ ቀን፣ «ማሽኑ እየሰራ ከከፈትካት እጅህን ነው የምቆርጠው። ከተከፈተች አየሩን ከአዳራሹ ትቶ ከዚህ ክፍል ይስባል። ጭሱንም አብሮ መልሶ ይጎትተዋል። ገባህ?»

«ገባኝ ጋሼ።»

«ድገመው።»

ደገምኩት። እሳቸው ታመው አዲስ አበባ ልጃቸው ጋ ሲሄዱ ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። እና አላውቅም ነበር ልላችሁ አልችልም። አውቃለሁ። እንደ ስሜ አውቃለሁ።

የዛን ቀን የሐረሪዎች ሰርግ ነበር፣ የሴቶቹ ቀን። ጠዋት አባይ ሩቂያ ልጃገረዶቻቸውን አስከትለው መጡ። አባይ ማለት በነሱ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው። ሴትየዋ ግን የሙሽራዋ አያት ናቸው፣ እኛም ክርስቲያኖቹ ሁላችን «አባይ» ነው የምንላቸው። የአለላ ስፌት በመስፋት እሳቸውን የሚያክል የለም። ልጆቹ በጨርቅ የተጠቀለሉ ስፌቶች ተሸክመው ገቡ። አዳራሹ ውስጥ ነደባ አሰርተዋል፣ ቤታቸው ውስጥ እንዳለው ከፍ ያለ መቀመጫ፣ ቀይ ምንጣፍ የለበሰ። ግድግዳውን በሙሉ ቀይ ጨርቅ ካለበሱት በኋላ ስፌቱን መስቀል ጀመሩ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ መሳቢያውን እያዩ፣ «ይሄን ግድግዳ ምን በላው?»

«መተንፈሻ ነው አባይ። ማሽኑ አየር የሚስብበት።»

«ግድግዳ ይተነፍሳል?»

«የኛ ይተነፍሳል።»

«የኛ ግድግዳ ስንት መቶ ዓመት ቆሟል፣ ተንፍሶ አያውቅም።» ልጆቹ ሳቁ። «ሰርግ ቤት ውስጥ ባዶ ግድግዳ ዓይብ ነው፣ ነውር ነው ልጄ። ሰው ምን ይለኛል? ሩቂያ ስፌት አለቀባት ይበሉኝ?»

«አባይ፣ እውነቴን ነው፣ እነዚህ አራቱ መሸፈን የለባቸውም።»

«አራት ናቸው?» ቆጠሩና ፊታቸው በራ። «አያ! ይቺ የእናቴ ናት። ይቺ የእኔ ሰርግ ላይ የተሰቀለች፣ ይቺ የልጄ፣ ይቺ ደግሞ ለሙሽራችን ለኢክራም የሰፋኋት። አራት ቦታ አላህ ራሱ አዘጋጀልኝ፣ አንተ ትከለክለኛለህ?»

ስራ አስኪያጁ አቶ ሞገስ በዚህ መሃል ደረሰ። ሞገስ ማለት ሱፍ ለብሶ ደረጃ ሲወጣ እንኳን ሰው የሚያጨበጭብለት የሚመስለው ሰው ነው።

«ምንድነው ሄኖክ? ደግሞ ክርክር?»

«መሳቢያውን እየሸፈኑት ነው። ማሽኑ ይታፈናል።»

«ስፌት ነው የሰቀሉት እንጂ ሲሚንቶ አልለሰኑበት። ሂድ ስራህን ስራ።»

ስፌቱን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ውሃ ብትይዙበት አያፈስም፣ እንኳን አየር ሊያሳልፍ። ይሄን ማለት እችል ነበር። አባይ ግን «አትኮሳተር» ብለው አንድ ቁራሽ ሐልዋ እጄ ላይ አስጨበጡኝና ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩና ተውኩት።

ከምሳ በኋላ ሴቶቹ ሞሉ። ከበሮው፣ የዚክሪው ዜማ፣ እልልታው ማሽን ክፍል ድረስ ይሰማል። ማሽኑን አስነሳሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሰራ ጋለና ራሱን አጠፋ። አየር ሲያጣ እንደዛ ነው የሚያደርገው፣ እንዳይቃጠል። አስነሳሁት፣ ደግሞ ጠፋ። ስልኬ ጮኸ።

«ምን እየሰራህ ነው?» ሞገስ ነው። «በርዶናል እያሉ ነው! ይሄ ሁሉ ሰው አዳራሹን የተከራየው ለምን ይመስልሃል?»

«ነገርኩህ እኮ፣ ስፌቱ…»

«ስፌት ስፌት አትበለኝ! ሴቶች መሃል ገብቼ ግድግዳ ላውርድ? አንተ ባለሙያ ነኝ ስትል አልነበር? እንግዲህ ሙያህን አሳየን!»

ሙያህን አሳየን። እኔን ገደል ለመክተት ከዚህ የተሻለ ቃል የለም። ዘጠነኛን ያልጨረሰ ሰው ባለሙያ ሲባል ምን እንደሚሰማው አታውቁም። ማሽኑ አየር ነው የፈለገው፣ አይደል? አየር እንስጠው። ያቺን ክዳን ፈታሁና ግድግዳ አስደግፌ አስቀመጥኳት። አስነሳሁት። ኧረ እንዴት ያለ ድምፅ! እንደ አዲስ። አንዴም አልጠፋም። ለሞገስ ደወልኩና «እንዴት ነው?» አልኩት፣ «አሁን ሰው ሆንክ» አለኝ። ደስ አለኝ። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ!

አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። ራሴን ጠዘጠዘኝ። ምሳ ስላልበላሁ ነው አልኩ። ሲጋራ ለኮስኩ። ያኔ ነው ያየሁት። የሲጋራው ጭስ ወደ ላይ አይሄድም። ተጠምዝዞ ወደ ተከፈተው ክዳን ይገባል። ቀና ስል ደግሞ የጭስ ማውጫው ቧንቧ መገጣጠሚያ ላይ ጥቁር ጥላሸት ወጥቷል። ወደ ውጪ መውጣት ያለበት ጭስ ወደ ውስጥ እየተመለሰ ነው። ማሽኑ ይስበውና ለሴቶቹ ይነፋላቸዋል። የሚሸተው ትንሹ ነው፣ እሱንም የሴቶቹ ሽቶና የሚያጨሱት ዑድ ይሸፍነዋል። የሚገድለው ደግሞ ጭራሽ አይሸትም።

አጠፋሁት። ሰገነቱ ላይ ወጥቼ አስመለሰኝ። አፌን ስጠርግ ሞገስ ከኋላዬ ቆሟል።

«ለምን አጠፋኸው?»

እዚህ ጋ ቁሙልኝ። ጥያቄው ይሄው ነው፣ ሶስት ቃል እንኳን የለውም። መልሱም አጭር ነው፤ ክዳኑን ከፍቼው መርዝ ገብቷል፣ ሰዎቹን አስወጣ። አስተማሪ ሲሳሳት ከክፍል የሚያስነሳኝ ምላስ፣ ፖሊስ የሚሰድብ ምላስ፣ እሱ ምላስ አፌ ውስጥ እንደ ሌላ ሰው ምላስ ሆነ።

«ሙቀቱ በዛ ብዬ ነው» አልኩት።

«ማን ነው በዛ ያለህ? አብራው። ደግሞ ከጠፋ ቁልፉን አስረክበህ ወደ እናትህ ቤት።»

እና አበራሁት። ክዳኑን ልግጠመው ካልኩ ማሽኑ ይጠፋል፣ ከጠፋ ተባረርኩ። ስለዚህ ክዳኑ እንደተከፈተ አበራሁት። አስር ደቂቃ ብቻ፣ ሞገስ እስኪሄድ፣ አልኩ ለራሴ። ሞገስ ሄደ። እኔ ግን «ትንሽ ይቆይ፣ ተመልሶ ይመጣል» እያልኩ ኮሪደር ላይ ቆምኩ። ሁለት ሴቶች ግንባራቸውን ይዘው ወጡ። አንዷ ግድግዳ ተደግፋ አስመለሳት። «ስጋው ነው፣ ጠዋት የታረደው» ትላታለች ጓደኛዋ። እኔ ሰማሁ። ቆሜ ሰማሁ።

ከዛ ከበሮው ተቋረጠ። ጩኸት።

ሮጬ ማሽኑን አጠፋሁና ወደ አዳራሹ በር ሄድኩ። በሩ ላይ ዘይነባ ቆማለች፣ የአባይ የእህት ልጅ፣ ትከሻዋ ቁምሳጥን የሚያክል።

«ወንድ አይገባም!»

«ምን ሆኑ?»

«ሙሽራዋ ወደቀች። ዓይን ነው፣ አላህ ይጠብቀን። ምን የመሰለች ልጅ!»

ከውስጥ ይሰማኛል። «አልብሷት! አልብሷት!» «መስኮቱን ዝጉ፣ ላብ አላት፣ ንፋስ እንዳይመታት!» ክፍት የነበሩት ሁለት መስኮቶች ሲዘጉ ሰማሁ። ጓ። ጓ።

«መስኮት እንዳይዘጉ በያቸው!»

«ለምን?»

«ሙቀት… ሙቀቱ ነው፣ አየር ያስፈልጋታል…»

«ልጅቷ እየተንቀጠቀጠች ሙቀት ትለኛለህ? ወሪያ፣ ሂድ ከዚህ!»

አሁንም ዋሸሁ፣ አያችሁ? እዛ በር ላይ፣ ልጅ ወድቃ፣ አሁንም ስራዬን እያዳንኩ ነበር። ዘይነባን ለማሳመን የማይረባ ነገር እየቀባጠርኩ ስንት ደቂቃ እንደሄደ አላውቅም። በመጨረሻ አፌ ተፈታ።

«መርዝ ነው ዘይነባ! የማሽኑ ጭስ ነው! ክዳኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ! ሁሉም ይሞታሉ!»

አየችኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳየች እንጃ፣ ከበሩ ዞር አለች።

ገባሁ። «ወንድ! ወንድ ገባ!» ሴቶቹ ሻሽ ፍለጋ ተራወጡ፣ ጫማ ወረወሩብኝ፣ አንዷ ትሪ ጀርባዬ ላይ አሳረፈችብኝ። ወንበር አንስቼ መስኮት ሰበርኩ። ሁለተኛውን ሰበርኩ። ዘይነባ በሐረሪም በኦሮምኛም በአማርኛም እየጮኸች ታስወጣቸዋለች። ስፌቶቹን እየነቀልኩ ወረወርኩ። አሁን ሳስበው ምን ያደርጋል? ማሽኑ ጠፍቷል። ግን ነቀልኳቸው፣ ረገጥኳቸው። አንዷ ከእግሬ ስር ስትሰበር ተሰማኝ። የአባይ እናት ስፌት ነበረች።

ኢክራምን አራት ሆነው ሰገነት ላይ አወጧት። ነፋሱ፣ ያ የሚፈራው የታህሳስ ነፋስ፣ ፊቷን ሲመታት አይኗን ከፈተች። ሴቶቹ እልል አሉ። ያኔ ነው አንዲት ትንሽ ልጅ «አባይስ?» ያለችው።

አባይ ሩቂያ ነደባው ላይ ናቸው። የክብር ቦታው ላይ፣ ትራስ ተደግፈው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ደክሟቸው አሸለቡ ብለው ሁሉም አልፈዋቸው ወጥተዋል። ሞቅ ይበላቸው ተብሎ ነደባው የተሰራው ሙቅ አየር በሚወጣበት መንፊያ አፍ ላይ ነው። ከሁሉም በላይ የሳቡት እሳቸው ናቸው።

ተሸክሜያቸው ወረድኩ። ሶስት ፎቅ። እንደ ልጅ ቀላል ነበሩ። ሆስፒታል ኦክስጅን አደረጉላቸው። ሐኪሙ «ስንት ሰዓት ጭሱ ውስጥ ቆዩ?» ሲል እዛ እንኳን «ማሽኑ አንዴ ጠፍቶ ነበር፣ መልሼ አበራሁት» አላልኩም። «አንድ ሰዓት ተኩል» ብቻ ነው ያልኩት።

ማንም አልሞተም። አልሃምዱሊላህ አሉ፣ እኔም ተመስገን አልኩ። ከሶስት ቀን በኋላ ሞገስ ቢሮው ጠራኝ።

«ቁጭ በል። የሙሽራዋ ቤት ሽማግሌዎች መጥተው ነበር። ተነጋግረን ጨርሰናል፣ መሳቢያውን የሸፈኑት ራሳቸው ናቸው፣ እንዳይሸፍኑ ነግረሃቸዋል፣ እኔ ምስክር ነኝ።»

«አንተ ምስክር?»

«ታዲያ! ነግረሃቸዋል አይደል?»

«ክዳኑስ?»

«የምን ክዳን?» አለኝ። ወረቀት እያገላበጠ ነው፣ ቀና እንኳን አላለም። «በዛ ጩኸት መሃል ምን እንዳልክ የሰማ የለም። ዘይነባ የምትባለዋም የዘመድ ነገር ሆኖ ግራ ገብቷት ነው ተብሏል። ስራህን ያዝ።»

ያዝኩ። ሁለት ሳምንት ያዝኩ። እየገባሁ እየወጣሁ፣ ክዳኗን ገጥሜ፣ ፊልተር እያፀዳሁ። ሰው ምላሴን ፈርቶ ነው የኖረው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ሰው አልሰደብኩም። ከዛ ጊደር መጋላ ገበያ ላይ ዘይነባን አገኘኋት። ሰላምም አላለችኝ።

«ከሆስፒታል ወጡ» አለችኝ። «ቤታቸው ያለውን ስፌት በሙሉ አውርደዋል። በእጄ የሰፋሁት ነው ልጄን ያፈናት ይላሉ። እጃቸው ወስፌ አይዝም፣ ይንቀጠቀጣል። አንተ ግን ደህና ነህ፣ አይደል?»

ቁልፉን ለሞገስ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩለትና ሄድኩ። ቤታቸው ከግንቡ ኤረር በር ገባ ብሎ፣ ሁለት ሰው የማያሳልፍ መንገድ ውስጥ ነው። ስገባ ግድግዳውን አየሁት። ራቁቱን። ምስማሮቹ ብቻ፣ ስፌት የነበረበት ቦታ ደግሞ ክብ ክብ ሆኖ ቀለሙ ደመቅ ብሎ ቀርቷል። አባይ ነደባው ላይ ናቸው፣ ጣቶቻቸው ጭናቸው ላይ ራሳቸውን ችለው ይንቀጠቀጣሉ።

«አባይ፣ ሄኖክ ነኝ። የማሽኑ ልጅ።»

«አወቅኩህ። ግድግዳ ይተነፍሳል ያልከኝ።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ብሰማህ ኖሮ!»

«ስፌቱ አይደለም አባይ። ስፌቱ ማሽኑን አጠፋው እንጂ ማንንም አልጎዳም። ክዳኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጭሱን ያስገባሁት እኔ ነኝ። እያወቅኩ ደግሞ መልሼ አበራሁት። እርስዎ ምንም አላደረጉም።»

አዩኝ። ከዛ አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ። «አላህ አፉ ይበልህ ልጄ» አሉኝ። ከዛ ቤት ስወጣ እንደ ወፍ ቀሎኝ ነበር። ተናገርኩ፣ ይቅር ተባልኩ፣ አለቀ። ሞኝ።

በሳምንቱ ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ። ግድግዳው አሁንም ባዶ ነው።

«አወቅኩህ» አሉኝ። «ግድግዳ ይተነፍሳል ያልከኝ። ብሰማህ ኖሮ!»

በሩ ላይ የቆመችውን ኢክራምን አየኋት። አይኗን ወደ መሬት አደረገች። «እስከ ሰርጉ ሰሞን ያለውን አይረሱም» አለችኝ ቀስ ብላ። «የዛሬውን ነው የማይይዙት። ሐኪሙ ከጭሱ ነው ብሏል።»

ምን ላድርግ? እንደገና ነገርኳቸው። እንደገና፣ ከመጀመሪያው። በዛን ቀን ይቅር አላሉኝም። ወስፌያቸውን ወረወሩብኝና «ውጣ ከቤቴ!» አሉኝ። በሶስተኛው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩብኝ። በአራተኛው እጄን ይዘው ሳሙኝ። የትኛው እውነተኛ መልሳቸው እንደሆነ አላውቅም፣ ሁሉም ይመስለኛል። ብነግራቸውም ግን በማግስቱ እንዳልነገርኳቸው ነው የሚሆነው። ያልሄድኩ ቀን ጠዋት ተነስተው ልጄን በእጄ አፈንኳት እያሉ ይውላሉ።

እናንተ ይሄን የምታነቡ፣ ማሞቂያም ይሁን ጄነሬተር የሚሰራበት ቤት ውስጥ ሰው ራሴን አመመኝ ካለ ስጋውን አትጠርጥሩ፣ ዓይንም አትበሉ። መስኮት ክፈቱና ሰውየውን አውጡት። ንፋስ ቢመታው ታሽቶ ይድናል። በዚህ ስራ ላይ ያላችሁ ደግሞ፣ ስታጠፉት ለምን አጠፋኸው ስትባሉ የምትመልሱትን ዛሬውኑ ተለማመዱት። ሰዓቱ ሲደርስ አይመጣም። እኔ ምላሰኛው ነኝ የምላችሁ።

አዳራሹ ዛሬም ይሰራል። መግቢያው ላይ ሞገስ በትልቁ አስለጥፏል፦ «ግድግዳ ላይ ስፌት መስቀል በጥብቅ የተከለከለ ነው።» ባለፍኩ ቁጥር እገነጥለዋለሁ፣ በማግስቱ ሌላ ይለጠፋል። ሰው የሚያየው ማስታወቂያውን ነው፣ የሐረር ሰው የራሱን ስፌት እየጠረጠረ ነው የሚገባው።

ትናንትም ሄጄ ነበር። ኢክራም አንዷን ስፌት፣ ያቺን የረገጥኳትን፣ ጠግና ሰቅላታለች። አባይ እሷን ቀና ብለው እያዩ ነበር። እግራቸው ስር ተቀመጥኩ።

«አባይ፣ ሄኖክ እባላለሁ» አልኳቸው። «ክዳኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

ዞር ብለው አዩኝ።

«የቱን ክዳን ልጄ?»